እንጠያየቅ፦ የጓደኛ ጥሪ፣ የቤተሰብ ቃልና የራስ ውሳኔ

በዚህ እትም ከጅማ ከተማ የደረሱንን አራት ደብዳቤዎች እንመልሳለን። አራቱም የሚጠይቁት ሌሎች ሰዎች ምኞታችንን፣ ልማዳችንንና ምርጫችንን ስለሚገፉበት መንገድ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁመውንም ትተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመት። ጫት የጀመርኩት ‘ለጥናት ነው’ ብዬ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ነው። አሁን በሳምንት አራት ቀን በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ነኝ። ውጤቴ ወርዷል። ጠዋት ‘ዛሬ አልሄድም’ ብዬ እነሳለሁ፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን እግሬ እዚያው ይወስደኛል። ጓደኞቼ ክፉ አይደሉም፤ ስቸገር የሚደርሱልኝ እነሱ ናቸው። ላጣቸው አልፈልግም።»

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጠዋቱ ውሳኔህ ስምንት ሰዓት ላይ የሚፈርሰው ወኔ ስለሌለህ አይመስለንም። ጠዋት የምትወስነው ብቻህን ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ምሳ ተበልቷል፣ ስልክ ተደውሏል፣ ፍራሹ ተነጥፏል፣ ቦታህም ተይዞልሃል። ልማድን የሚቀሰቅሱት ሰዓት፣ ቦታና ሰው ናቸው፤ ሥራህም ከእነዚህ ይጀምር።

መጀመሪያ ሰባት ቀን ምንም ሳትለውጥ መዝግብ። ደብተር ላይ አምስት ዓምድ አስምር፦ የጀመርክበት ሰዓት፣ ቦታው፣ የጠራህ ሰው፣ ያወጣኸው ብር፣ ሌሊት እንቅልፍ የወሰደህ ሰዓት። በሳምንቱ መጨረሻ ስታየው ምናልባት አራቱንም ቀን የጠራህ አንድ ሰው ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ወይም አራቱም ከሰዓት በኋላ ክፍል የሌለባቸው ቀናት ይሆናሉ። የቱ እንደሆነ ሳታውቅ «እተዋለሁ» ማለት የትኛው በር እንደተከፈተ ሳያዩ ቤት መዝጋት ነው።

ቀጥሎ ቅጠሉ ራሱ ጓደኝነቱን እንዴት በየቀኑ እንደሚያድሰው ልብ በል። በጫት ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ጫት ለሳምንት ተገዝቶ አይቀመጥም፤ በዕለቱ ይገዛል። በዕለቱ የሚገዛ ነገር ደግሞ በዕለቱ የሚጠይቅ ሰው አለው፦ «ላንተም ልያዝልህ?» አንተን የሚይዝህ ይህ ጥያቄ ነው። አንዴ በስምህ ከተገዛ በኋላ እምቢ ማለት የጓደኛህን ብር ማባከን ስለሚመስል ይሉኝታው ይበረታል። መልስህን ማዘጋጀት ያለብህ በርጫው ላይ ለሚሆነው ሳይሆን ከምሳ በፊት ለሚመጣው ለዚያ ጥያቄ ነው።

ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ የተያዘ ዕቅድ፣ «እተዋለሁ» ከሚል ደረቅ ውሳኔ ይልቅ ወደ ተግባር የመለወጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ያንተ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «‘ልያዝልህ?’ ሲሉኝ፣ ‘ዛሬ አትያዝልኝ፤ ውጤቴ ወርዷል፣ ላይብረሪ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሻይ እንገናኝ’ እላለሁ።» በወረቀት ጻፈው፤ ድምፅህን አውጥተህም ሁለት ሦስት ጊዜ በለው። መልሱ ሦስት ነገር ይዟል። ምክንያቱ ያንተ ውጤት ነው እንጂ የእነሱ ጥፋት አይደለም። የምትሄድበት ቦታ ተጠርቷል። የምትገናኙበት ሰዓትም ተቆርጧል። ይህ ሦስተኛው ከጎደለ ጓደኞችህ የናቅሃቸው ይመስላቸዋል፤ ወዳጅነቱ የሚሻክረውም በዚህ ነው።

ለሁሉም በአንድ ጊዜ አትናገር። ሰለሞን አሽ በ1951 ያሳተሙት ታዋቂ ሙከራ አለ። ለተሳታፊዎች የመስመሮች ርዝመት እንዲያመሳስሉ ይሰጣቸው ነበር፤ መልሱ ለማንም ግልጽ ነው። አስቀድመው የተነገራቸው ሰዎች ሆን ብለው የተሳሳተውን ሲመልሱ፣ ምንም የማያውቀው ተሳታፊ ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ የእነሱን ስህተት ይደግም ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ግን የሚደግሙት ቁጥር ወደ ሩቡ ገደማ ወረደ። ስለዚህ አምስቱን ከማሳመን ይልቅ አንዱን አግኝ። ለብቻው ውሰደውና «አንተስ እንዴት ነህ? ውጤትህ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቀው። ዲቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር በ1993 በአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ስለ መጠጥ ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው ልማዱ ከልብ ያልተዋጠላቸው ሆነው ሳለ ሌላው ሁሉ ተመችቶታል ብለው ያስቡ እንደነበር ታይቷል። እናንተም ዘንድ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ በምርቃና ሰዓት ግን ማንም ጭንቀቱን አይናገርም።

«ለጥናት ነው» ስለሚለው ደግሞ ጥቂት እንበል። ሮበርት ዛዮንክ በ1965 እንዳስረዱት፣ ሰው በሌሎች ፊት ሲሆን በደንብ የለመደውን ነገር ያቀላጥፋል፤ አዲስና ከባድ ነገር ግን ይበላሽበታል። ያለፈውን ኖት መከለስ በቡድን ይሄዳል። ያልገባህን ቀመር መፍታት ግን የብቻ ሥራ ነው። ምርቃና ላይ ብዙ ያጠናህ የሚመስልህም ጨዋታው ስለሚሞቅ ሊሆን ይችላል፤ በማግስቱ መጽሐፍህን ዘግተህ አምስት ጥያቄ ሥራና ያጠናኸውን መዝን።

አቀናነሱ እንዲህ ይሁን። በየሳምንቱ አንድ ቀን ቀንስ፤ መጀመሪያ የምትቀንሰው በማግስቱ የላብራቶሪ ትምህርት ወይም ፈተና ያለበትን ቀን ነው። በቀሩት ቀናት ዙርባውን (የጫቱን እስር) አታሳድግ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑ ሲቀንስ መጠኑ ይጨምርና ሒሳቡ ያው ይሆናል። የጠዋቱን ኢጀበና (የዓይን መክፈቻ ጫት) ፈጽሞ አቁም። «ሳልቅም ልጫወት ብቻ» ብለህ በርጫ ላይ መቀመጥን ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ተው፤ ወሬ እያወራህ እጅህ ሳታስበው ወደ ቅጠሉ ይሄዳል። የጫቱን ድብርት በቸብሲ (ከጫት በኋላ በሚጠጣ መጠጥ) መስበርም አንዱን ጣጣ በሌላ መተካት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ የእንቅልፍ ብዛት፣ መነጫነጭ፣ ሃራራና ዱካክ (ሳይቃም ሲቀር የሚመጣ ቅዠት) ሊመጡብህ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀላሉ። ምሳህን በሰዓቱ ብላ፣ ውኃ ጠጣ፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ተራመድ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን በ96 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት አዲስ ልማድ እስኪደላደል በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ አንዳንዱ በ18 ቀን ሲለምድ ሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገምቷል። አንድ ቀን መሳትም ሥራውን አላፈረሰውም። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ብትሸነፍ ዓርብን አብረህ አትስጥ። እንቅልፍ ለቀናት እምቢ ካለህ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማህ፣ ሰዎች ይከታተሉኛል የሚል ፍርሃት ከያዘህ ወይም ራስህን ለመጉዳት ካሰብክ ግን ሳምንት አትጠብቅ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በዚያው ቀን ሂድ።

ጥያቄ፦ «በሄርማታ የቡና ነጋዴ ነኝ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ናት፤ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደርሷል። እኛ ሕክምና ስንል እርሷ ግብርና ትላለች። አጎቶቿ ‘ያበላሿት ጓደኞቿ ናቸው’ ይላሉ፤ አብረዋት ያሉት ልጆች ግብርና ሊመርጡ ነው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባላል። ምርጫው የእርሷ ነው ወይስ የጓደኞቿ? በምን ልለየው?»

መልስ፦ አባታችን፣ ተረቱ እውነት የሚሆንበት አለ፤ የሚስትበትም አለ። ጓደኛሞች የሚመሳሰሉት አንዱ ሌላውን ስለለወጠው ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ የሚመሳሰሉ ሰዎች ስለሚፈላለጉም ነው። ሁለቱን ለመለየት ምቹ የሆነው ሁኔታ የመኝታ ክፍል ተጋሪዎች በዕጣ ሲመደቡ ነው። ብሩስ ሳሰርዶት በአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ እንዲህ የተመደቡ ተማሪዎችን አጥንተው በ2001 አሳተሙ። የክፍል ተጋሪ በውጤት ላይና ወደ ተማሪዎች ማኅበር በመግባት ላይ ለውጥ አመጣ፤ የትምህርት ዘርፍ ምርጫን ግን አልለወጠም። አገሩ ሌላ ቢሆንም ትምህርቱ ለእርስዎ ይጠቅማል፦ ጓደኛ የሚነካው ልጅዎ ስንት ሰዓት እንደምታጠናና መቼ እንደምትተኛ ነው። ስለ ዘርፉ ግን ጓደኞቿን ከመጠርጠርዎ በፊት በቤትዎ ያለውን ድምፅ ይመርምሩ፤ እኛ ዘንድ በዘርፍ ምርጫ ላይ ከጓደኛ ይልቅ ቤተሰብ ይከብዳል።

ትውልደ ቱርካዊው ሙዛፈር ሸሪፍ በ1935 ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ይረዳናል። በጨለማ ክፍል ውስጥ የቆመች ትንሽ ብርሃን ለዓይን የምትንቀሳቀስ ትመስላለች። ሰዎች ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰች በቡድን ሆነው ጮክ ብለው ሲገምቱ ግምታቸው ቀስ በቀስ ወደ አንድ ይመጣል፤ በኋላ ብቻቸውን ሲጠየቁም የቡድኑን ግምት የራሳቸው አድርገው ይይዙታል። የወደፊት ሕይወትም ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚያች ብርሃን የበለጠ ጥርት ያለች አይደለችም። ስለዚህ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ቃል ሚዛኑን ይወስዳል። በእኛ ባህል ደግሞ መጀመሪያ የሚናገረው ታላቅ ነው።

አጎቶቿን ከመሰብሰብዎ በፊት እርስዎና ልጅዎ በየራሳችሁ ወረቀት፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ሦስት ሦስት የትምህርት ክፍል ከነምክንያታቸው ጻፉ። ሦስት ያልነው ምደባው በውጤትና በክፍሉ የመቀበል አቅም ስለሚወሰን ነው፤ አንድ ምርጫ ብቻ ይዞ መሄድ በኋላ ያልታሰበ ቦታ ላይ ይጥላል። ቀጥሎ ለልጅዎ እነዚህን ያቅርቡላት፦ በዚህ ሙያ የተሰማራ ሰው በአንድ ተራ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይሠራል? ከሥራው የማትወጂው የትኛውን ነው? ሰው ሳያይሽ ለዚህ ትምህርት ምን አድርገሻል? ጓደኞችሽ ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ? ተራውን ቀን መግለጽ ከቻለችና የማትወደውንም ከነገረችዎ ጉዳዩን አስባበታለች። «ጥሩ ነው ይላሉ» ብቻ ካለች ገና ከሰው አፍ ነው ያለው። ታዲያ እርስዎም ስለ ሕክምና እነዚህኑ ጥያቄዎች ይመልሱ። ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጀውን ትምህርትና የሌሊት ተረኝነቱን በዝርዝር መናገር ካቃተዎ የእርስዎም ምኞት ከጎረቤት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሽማግሌዎቹና አጎቶቿ ይሰብሰቡ፤ ግን ልጅቱ ቀድማ ትናገር፤ ከታናሽ ወደ ታላቅ ይሂድ። አስቀድመው ለአጎቶቿ «ዛሬ እሷን ልንሰማ ነው» ይበሉላቸው፤ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ለእርስዎ ለቡና ሰው ልንናገር እንወዳለን። የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በ1971 ከታየ በኋላ ተክሉን ያተረፉት 74110ና 74112ን የመሳሰሉት በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ናቸው። የተመረጡትም በግብርና ተመራማሪዎች ነው፤ ሥራው የተሠራበት የምርምር ማዕከል መልኮ ላይ፣ ከሱቅዎ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። የጅማ የግብርና ኮሌጅም ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው። «እርሻ ልትማር ነው» ሲባሉ በሬና ማረሻ የሚታያቸው ዘመዶች ካሉ ይህን ይንገሯቸው። ከተቻለ ፈቃድ ጠይቃችሁ ከልጅዎ ጋር አንድ ቀን የምርምር ማሳውን፣ ሌላ ቀን የሆስፒታል ዋርድን እዩ።

ጥያቄ፦ «28 ዓመቴ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አብረውኝ የተማሩት አንዷ ዱባይ ናት፣ አንዷ አዲስ አበባ ቤት ሠርታለች። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ሳያቸው የእኔ ነገር ሁሉ ይቀዘቅዝብኛል። ቅዳሜና እሑድ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼና አሽጌ ልሸጥ አስቤ ነበር፤ ‘ይህ ምን ሕይወት ይለውጣል?’ እያልኩ ተውኩት።»

መልስ፦ እህታችን፣ የቀዘቀዘብሽ የምትመለከቺው ሰው በጣም ሩቅ ስለሆነ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ደብራጅ ሬይ በ2006 እንደጻፉት ሰው የሚመኘው በዓይኑ ከሚያያቸው ሰዎች ተነስቶ ነው። ባለበትና በሚመኘው መካከል ያለው ርቀት በጣም ሲጠብ አይነሳሳም፤ በጣም ሲሰፋም «አይደረስም» ብሎ ይተወዋል። የሚያሠራው የመካከለኛው ርቀት ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ተመራማሪዎች ለገበሬዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን አሳይተው ነበር። ባለታሪኮቹ እንደ ተመልካቾቹ ያሉ፣ በራሳቸው ጥረት ከድህነት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ የተመልካቾቹ ምኞት ከፍ ብሎ፣ ቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚሰጡት ትኩረትም ጨምሮ ተገኘ። ሰዎቹን ያነሳሳቸው የእነሱኑ ኑሮ የኖረ ሰው ማየታቸው ነው።

የዱባይዋን ጓደኛሽን ገጽ ለ30 ቀን ድምፁን አጥፊው፤ ከዝርዝርሽ አትሰርዢያት፣ አትቀየሚያት። በምትኩ በጅማ ውስጥ አንቺ ባሰብሽው ሥራ ሁለት ዓመት የቀደመችሽን ሴት ፈልጊ። ስታገኚያት «እንዴት ተሳካልሽ?» አትበያት፤ ይህ ጥያቄ የሚያመጣው ምስጋናና ምርቃት ነው። በስንት ብር እንደጀመረች፣ ብሩ ከየት እንደመጣ፣ የመጀመሪያ ትርፍ በስንተኛው ወር እንደታየ፣ ምን እንደተበላሸባትና ዛሬ ብትጀምር ምን እንደማትገዛ ጠይቂያት። ያችን አዲስ አበባ ቤት የሠራችውንም በዚህ መንገድ ብትጠይቂያት ሥዕሉ ሳይለወጥ አይቀርም፤ ስልክ ላይ የሚታየው ቤቱ ነው፣ ብድሩ አይታይም።

ከዚያ ትንሹን ሙከራ አድርጊ። 5 ኪሎ የተለቀመ ጥሬ ቡና ሲቆላ ክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ 4 ኪሎ ገደማ ይተርፍሻል፤ በ250 ግራም ሲታሸግ 16 እሽግ ነው። ዋጋ ስታወጪ በ5 ኪሎ ሳይሆን በተረፈው አስቢ፤ ጀማሪ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ትኩስ የተቆላ ቡና አየር ስለሚያወጣ ቶሎ ብታሽጊው ከረጢቱ ይነፋል፤ አንድ ቀን አሳድሪው። የተፈጨው ቶሎ ጣዕሙን ስለሚያጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚሸጠውን ያህል ብቻ ፍጪ።

16ቱን ለቅርብ ወዳጆችሽ አትሽጪ። እነሱ ለይሉኝታ ይገዛሉ፣ ለይሉኝታም ያደንቃሉ፤ ከዚያ ውጤት ምንም መማር አይቻልም። በመጠኑ ለምታውቂያቸው ሰዎች ሽጪ፦ ለሌላ ቢሮ ሠራተኞች፣ ለጎረቤትሽ እህት፣ ለታክሲ ተራ ጸሐፊ። ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተሙት ጥናት ሥራ ያገኙ ሰዎች ወሬውን በብዛት የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነበር፤ ገበያም እንዲሁ የሚሰፋው በእነዚህ ሰዎች ነው። የመጀመሪያውን ግዢ አትቁጠሪ፤ ተመልሶ የመጣውን ቁጠሪ። ከ16ቱ አምስቱ ካለጥሪ ከተመለሱ ስለ ንግድ ፈቃድ የከተማውን ንግድ ቢሮ ጠይቂ። አንድም ካልተመለሰ የጠፋው የ5 ኪሎ ቡና ዋጋ ነው፤ አቆላልሽን ወይም ዋጋሽን አስተካክለሽ አንድ ጊዜ ድገሚው።

ጥያቄ፦ «ቆጪ ገበያ አትክልት እሸጣለሁ። አጠገቤ ያሉት ባለሱቆች የ2,000 ብር የሳምንት ዕቁብ ጀምረው ግቢ ይሉኛል። ‘አልችልም’ ማለት አፈርኩ።»

መልስ፦ እህታችን፣ ዕቁብ የሰውን ዓይን ለጥቅም ያዋለ ነገር ነው፤ ብቻሽን የማትቆጥቢውን ብር ዳኛውና አባላቱ እንዲጠብቁሽ ያደርጋል። ችግሩ መጠኑን የወሰኑት የእነሱ ገቢ መሆኑ ነው። 2,000 በሳምንት ማለት በወር ከ8,600 ብር በላይ ነው። ካለፉት ወራት በጣም የቀዘቀዙትን አራት ሳምንታት አስቢና የእያንዳንዱን የተጣራ ትርፍ ጻፊ፤ የምትከፍዪው ከዝቅተኛው ሳምንት ግማሽ አይብለጥ። ዝቅተኛው 1,400 ከሆነ አቅምሽ 700 ነው። ይህ ከግማሽ ዕጣም ያንሳል፤ ለሦስት ሆናችሁ አንድ ዕጣ ብትይዙ ግን በየሳምንቱ 667 ብር ገደማ ይደርስሻል። አባላቱ 20 ከሆኑ ዕጣው ሲወጣ 40,000 ብር ነው፤ ድርሻሽ 13,300 ብር ገደማ። ዳኛውን በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው አግኝተሽ «ለሦስት እንግባ፣ ዋስ አለን» በዪው፤ «አልችልም» ከማለት ይቀላል። ሦስታችሁም ማን በየትኛው ሳምንት ለጸሐፊው እንደሚያስገባ በወረቀት ተፈራረሙ። ዙሩ የሚያልቅበትንም ቁጠሪ፦ የቡና ብር ገበያውን በሚያሞቅበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የተጀመረ የ20 ሳምንት ዕቁብ ክረምት ሳይገባ ያልቃል፤ መጋቢት ላይ የተጀመረው ግን ሐምሌ ድረስ ይዞሽ ይገባል። ዕጣው ቀድሞ ከወጣልሽ ከሚቀሩት ሳምንታት የአራቱን ክፍያ አስቀድመሽ ለይተሽ አስቀምጪና የቀረውን ሥራ ላይ አውዪው።